ምን ይሸትሻል?

ሰው በባዶ ባልዲ የሌለ ነገር እየቀዳ ሐይቅ ውስጥ ሲደፋ ያየሁት በሰባት ዓመቴ ነው። አንዴ ቢሆን ቀልድ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን ከመቶ ጊዜ በላይ ደፋ። ባልዲውን ቀስ አድርጎ ከታች ያነሳዋል፣ እንዳይፈስበት የፈራ ይመስል በሁለት እጁ ደግፎ ያወጣዋል፣ ከጀልባዋ ጠርዝ አሳልፎ ይዘቀዝቀዋል። ጠብ የሚል ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ አባቴም ባልዲ አንስቶ ተከተለው። እናቴ ደግሞ በደማ ክንዷ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛ ገባችበት። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ሦስቱንም እያየሁ፣ የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች በሙሉ በአንድ ማለዳ አበዱ ብዬ ደመደምኩ።

ያን ማለዳ ለመረዳት ሃያ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬም ቢሆን ሁሉም ነገር ገብቶኛል ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

የምንኖረው ጀልባ ላይ ነበር። የጀልባዋ ባለቤትም፣ መሪዋን የሚይዘውም አባቴ ነው። ወደብ ላይ «ካፒቴን» ይሉታል፤ ጀልባዋ ግን ካፒቴን እስከማስፈለግ የምትደርስ አልነበረችም። ከጫፍ እስከ ጫፏ የእኔ ሃያ እርምጃ ነበረች፤ እሱንም ተንቀራፍፌ ስሄድ ነው። ከአንዱ የሐይቅ ዳር ወደ ሌላው ሽንኩርት፣ ሲሚንቶ፣ ጀሪካን፣ አንዳንዴም ሰው እናመላልሳለን። ከፊት ጭነት፣ ከኋላ ሞተር፣ መሀል ላይ ቤታችን። ቤት ስል ወደ ታች የሚወረድባት፣ አባቴ አንገቱን ሳይሰብር የማይቆምባት አንዲት ክፍል ናት። ሁለት አልጋ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ባለ ሁለት ዓይን ቡታጋዝ፣ የሰሃን ያህል መስኮት። ጠባብ ናት ብሎ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ለኔ ሰፊ ነበረች።

ከእኛ ሌላ ጀልባዋ ላይ የሚውለው ሞተረኛው ብቻ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ሲጠራበት ሰምቼ አላውቅም። እኔ «ጋሽ ሞተር» እለዋለሁ፣ እሱም አቤት ይላል። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው፤ ጥፍሩ ስር የገባው ግሪስ አብሮት የተወለደ ይመስላል። ፊቱ ግን ሁልጊዜ ጥንቅቅ ብሎ የተላጨ ነው። የመላጫ ብሩሽ ሁለት ነበረው። አንዱ የራሱ ነው። ሌላው የሲሊንደሩ ነው።

በየማለዳው በጣሳ ሳሙና ይመታና አግዳሚ ወንበሩ ስር ተንበርክኮ የቡታጋዙን ሲሊንደር አንገት አረፋ በአረፋ ያደርገዋል። ከዚያ ብሩሹን በጎማው ላይ እየጎተተ እስከ ምድጃው ይሄዳል። ከዚያ ዝም ብሎ ያፈጣል።

«ጢሙ አድጓል እንዴ?» እለዋለሁ።

«ዛሬስ እንደ ሙሽራ ለስልሷል» ይለኛል።

ምላጭ ሲያነሳ ግን አይቼ አላውቅም። አረፋውን በጨርቅ ጠርጎ ይነሳል። ለምን ጀምሮ እንደሚተወው ግራ እየገባኝ ሲሊንደሩን አዝንለት ነበር።

ዛሬ እንጀራዬ ይሄው ነው። የትንንሽ ጀልባዎች ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። በሳምንት አሥርና አሥራ አምስት ጀልባ ውስጥ እየገባሁ፣ እኔም እንደሱ ተንበርክኬ፣ የሲሊንደር አንገት ሳሙና እቀባለሁ። አረፋው ካበጠ ጋዝ እየሾለከ ነው። ካላበጠ ጠርጌ እነሳለሁ።

ሲሊንደሩ ድሮ ውጭ ነበር፣ ከኋላ በኩል በሰንሰለት ታስሮ። አንድ ቀን ወደብ ላይ ሰንሰለቱን በጥሶ ሌባ ወሰደው። አባቴ አዲሱን ሲያመጣ አዝሎ ወደ ቤት አስገባና አግዳሚ ወንበሩ ስር ሸጎጠው። ሞተረኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ካፒቴን፣ የዚህ ነገር ቦታው ውጭ ነው። ውጭ ቢያመልጥ ንፋስ ይወስደዋል። እዚህ ካመለጠ የት ይሄዳል? ወለሉ ስር ወርዶ ይተኛል።»

«ይተኛ!» አለ አባቴ።

«ተኝቶ አይቀርማ። አንድ ቀን አንዱ ይቀሰቅሰዋል። ያን ዕለት ጀልባም የለ፣ እኛም የለን።»

«እና ለሌባ ላሳድር? በቃ፣ ነገር አታብዛ።»

ይህንን ሁሉ የሰማሁት አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ከሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን «ወለሉ ስር ወርዶ ይተኛል» የሚለው ነው። የሆነ ሰውዬ አለ ማለት ነው። ያመለጠ ሰውዬ። ማንም ሳያየኝ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። እውነትም ታች የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ሽው… ሽው… ይላል። እዚያ የሚጠራቀመው ውሃ ሲወዛወዝ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ በእግር ጣቴ መሄድ ጀመርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ነካት? እንደ ድመት ትሄድ ጀመር» አለች። ሰውዬው ከተቀሰቀሰ ጀልባዋ እንደምትጠፋ እያወቀች እንዴት እንደዚያ ሰሃን እንደምታንኳኳ ይገርመኝ ነበር።

እኔና እናቴ የራሳችን ጨዋታ ነበረን። አንድ ነገር አፍንጫዬ ሥር ታቀርብና «ሚጡ፣ ምን ይሸትሻል?» ትለኛለች። ወተት ከሆነ፣ ኮምጥጧል ወይስ አልኮመጠጠም። ዓሣ ከሆነ፣ የዛሬ ነው ወይስ የትናንት። አንዳንዴ ውጭ እየተጫወትኩ ሳለሁ ትጠራኝና ደረጃው ላይ አቁማ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ምን ይሸትሻል?» ትለኛለች። «ምስሩ እያረረ ነው!» ስላት ብር ብላ ድስቱን ታወርዳለች። ካወቅኩ ስኳር ትሰጠኛለች። ደግሞ ሁልጊዜ አውቃለሁ። እሷ ራሷ አንድም ቀን ቀድማኝ አውቃ አታውቅም፤ ልጄ ደስ ይበላት ብላ እየተሸነፈችልኝ ይመስለኝ ነበር።

«ለአባዬም እናሳየው?» ብያት አውቃለሁ።

«አይ፣ ይሄ የኔና ያንቺ ብቻ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷ የጨዋታ ፊት አልነበረም። እኔ ግን ስኳሬን እየላስኩ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ እንቁላሉ ልናገር። ከተሳፋሪዎቻችን አንዷ፣ እንቁላል ሙቀት ካገኘ ጫጩት ይሆናል ብላ ነግራኝ ነበር። እናቴ ካስቀመጠቻቸው አንዱን አነሳሁና በአባቴ አሮጌ ካልሲ ጠቀለልኩት። ከዚያ ሙቅ ቦታ ፍለጋ ጀመርኩ። ከእሳት ጋር የሚውል ነገር መቼም ሙቅ መሆን አለበት ብዬ ሲሊንደሩ ጀርባ ደበቅኩት። ሲሊንደሩን ብነካው ቀዝቃዛ ነው፤ ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ቀን እየቆጠርኩ አሥራ ሁለት ደረስኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ጀልባችን አንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ታስራ ሽንኩርት ትጠብቅ ነበር። ጋሽ ሞተር እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ሲሊንደሩን አረፋ ይቀባል፤ እኔ እንቁላሌን እንዳያይብኝ ሰግቼ እግሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ብሩሹ ጎማው መሀል ሲደርስ አረፋው እንደ እንቁራሪት ጉንጭ ብቅ ብሎ ተነፋ። ፈነዳ። እንደገና ተነፋ።

«ኧረ በሕግ!» አለ። ቀልድ አልነበረውም። እጁን ወደ ሲሊንደሩ አንገት ሰዶ ቁልፉን ጠምዝዞ ጠምዝዞ አጠበቀው። ከዚያ ምስር ወደምትለቅመው እናቴ ዞረ። «እትዬ፣ ዛሬ ይሄን እንዳትከፍቺው። ጎማው ተሰንጥቋል። ከሰዓት ወደብ ስንደርስ እቀይረዋለሁ።»

«እሺ» አለች እናቴ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

እኔ ያየሁት እጁን ነው፤ የሲሊንደሩን አንገት ሲጠመዝዝ። ይዝጋው ይክፈተው በምን አውቃለሁ?

እሱና አባቴ ጆንያ ሊሸከሙ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የሽንኩርቱ ባለቤት፣ ነጋዴዋ፣ ቀድማ መጣች። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር በርጥብ ሣር ውስጥ ስትመጣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ሽንኩርት የሞላ ጆንያ ከነሽታው ደጃፋችን ላይ ዘጭ አደረገችና በበሩ አጮልቃ፣

«እህቴ፣ ትኩስ ነገር የለሽም? ጥርሴ እርስ በርሱ ሊፋጅ ነው» አለች።

እናቴ ምድጃውን አየች። ሴትዮዋን አየች። «ለአንድ ሻይ ምን ይሆናል» አለች ቀስ ብላ፤ ለማን እንደተናገረችው አላውቅም። ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አዞረች፣ ተነስታ የምድጃውን ቁልፍ አዞረች፣ ክብሪት ጫረች። ክብሪቱ እርጥብ ነው። ሁለተኛ ጫረች። ሦስተኛውም ራሱ ተልጦ ቀረ። «አይ እርጥበት!» እያለች ደረቅ ክብሪት ልትፈልግ ወደ ላይ ወጣች። ከአባቴ ጃኬት ኪስ አይጠፋም። ጃኬቱን ግን የት እንዳኖረው ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት። እሷ ከላይ ስትፈልግ፣ ነጋዴዋም ውጭ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ታች ሁለቱም ቁልፎች እንደተከፈቱ ነበሩ።

እኔ ወንበሩ ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ ነው። ያኔ ሸተተኝ። የገማ እንቁላል።

ጫጩቴ ሞተች አልኩ። አሥራ ሁለት ቀን ጠብቄ፣ ምናልባት አንድ ቀን ሲቀራት ሞተች። ሽታው እየባሰ ሄደ። አሁን እናቴ ትመጣለች፣ እንቁላል መስረቄ ይታወቃል፣ የአባቴ ካልሲም ይገኛል።

የማላውቀው ብዙ ነገር ነበር። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያመልጥ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ነው የሚገማ ነገር የሚቀላቀልበት። እንቁላሌ ምናልባት ምንም አልሆነም ነበር።

እናቴ ክብሪቱን ይዛ ወረደች። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ምድጃውን አየች፤ ቁልፉ እንደተከፈተ መሆኑ ያኔ ትዝ ያላት ይመስለኛል። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ሚጡ፣ ምን ይሸትሻል?»

የወንበሩን ሥር በእግሬ ጋረድኩ።

«ሽንኩርት» አልኩ።

«ሽንኩርት ብቻ? በደንብ አሽትቺማ።»

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። ሊያስታውከኝ ደረሰ። «ሽንኩርት ብቻ ነው» አልኳት።

በጨዋታችን ስዋሻት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አመነችኝ። ስኳሩን ረስታ የክብሪቱን ቀፎ ከፈተች፣ አንድ እንጨት መረጠች።

ከላይ ጆንያ ዱብ አለ። «እንዳትጭሪ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የጋሽ ሞተር መሆኑን እንኳ አላወቅሁትም። በደረጃው አልወረደም፣ ዘሎ ነው የገባው። የእናቴን አንጓ ጨብጦ ጠመዘዘው፤ ክብሪቱ ተበተነ። ወገቧን ይዞ ወደ ላይ ወረወራት። ክርኗ የበሩን ብረት መትቶ ሲደማ አየሁ። ከዚያ እኔን በቀሚሴ ማጅራት በኩል እንደ ድመት ግልገል አንጠለጠለኝ። እጁን ነከስኩት። ግሪስ ግሪስ ይል ነበር። ድምፅ አላሰማም፤ አውጥቶ ለነጋዴዋ ሰጠኝና «ይዘሻት ሽሺ፣ ዳር ድረስ ሽሺ» አላት።

አባቴ ጆንያ ትከሻው ላይ እንደተሸከመ የእናቴን ጩኸት ሰምቶ ደረሰ። ጆንያውን ጥሎ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ታች ጨለማ ስለነበር እጁን ወደ መብራት ማብሪያው ሰደደ።

«እጅህን!» ብሎ ጮኸበት ጋሽ ሞተር። «እጅህን አንሳ! ምንም ነገር እንዳትነካ!»

አባቴን እንዲያ የሚጮህበት ሰው አይቼ አላውቅም። አባቴም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ ያ ነገር ሆነ። ጋሽ ሞተር እርጥብ ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ ገባ። ወዲያው ወጣ፣ ተነፈሰ፣ ደግሞ ገባ። የሲሊንደሩን ቁልፍ አጠበቀ፣ መስኮቷን ከፈተ። የወለሉን ጣውላ አንድ በአንድ እያነሳ አወጣ። ከዚያ የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ ወረደና ከወለሉ ሥር የሌለ ነገር መቅዳት ጀመረ። አባቴና እናቴ ሲከተሉት «ቀስ፣ ቀስ» ይላቸዋል። «ብረት እንዳይነካ። ከሥር፣ ከሥር ቅዱት።»

እኔ በነጋዴዋ ነጠላ ተጠቅልዬ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። «ምነው እነዚህ ሰዎች፣ አማን ናቸው?» ትላለች ሴትዮዋ። እኔ ግን በኋላ ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ። ሰውዬው ነው። ታች ተኝቶ የነበረውን ሰውዬ እየቀዱ እያወጡት ነው። ሳይቀሰቅሱት፣ ቀስ ብለው፣ በባልዲ በባልዲ። ለምን እንደማይታይ ብቻ አልገባኝም። የደፉበትን ውሃ ትኩር ብዬ አየሁት። ብቅ የሚል ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ጋሽ ሞተር አግዳሚ ወንበሩን ስቦ ከሲሊንደሩ ጀርባ የሆነ ነገር አነሳና ይዞት ደጃፉ ላይ ወጣ። የአባቴ ካልሲ ነው። ገለጥ አድርጎ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ዳር ድረስ እኔን አየኝ፤ ረጅም አየኝ። አባቴ ጀርባውን እስኪሰጥ ጠበቀና እንቁላሉን ከነካልሲው ኪሱ ከተተው።

ሰረቀኝ! አልኩ። እናቴን መታት፣ አባቴ ላይ ጮኸ፣ አሁን ደግሞ እንቁላሌን ሰረቀ። በሰባት ዓመት ልብ ከዚህ በላይ ክፉ ሰው የለም።

ዛሬ ሳስበው፣ አባቴ እንዳያይብኝ ነው ኪሱ የከተተው።

ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ሽታው ጠፍቷል ብሎ ጋሽ ሞተር ባልዲውን አስቀመጠ። አባቴ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። አባቴ ሲፈራ አይጮህም፤ ድምፁ ዝቅ ይላል። በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ሲሊንደሩን ማን ከፈተው?» አለ።

«እኔ ማለዳ አጥብቄ ዘግቼዋለሁ» አለ ጋሽ ሞተር። ይህን ሲል እናቴን ነበር የሚያየው።

እናቴ የደማ ክርኗን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች። አንዴ ጠረገችው፣ ሁለቴ ጠረገችው፤ ደሙ ከቆመ በኋላም ትጠርገዋለች።

«እትዬ፣ ተናገሪ እንጂ» አላት።

መታኝ ብላ እንድትናገር የሚገፋፋት መሰለኝ። ምን ዓይነት ደፋር ነው አልኩ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ጆንያ ላይ አስቀመጠኝና ዓይኔን እያየ፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ቤት ነበርሽ። ዛሬ ሲሊንደሩን የነካ ሰው አይተሻል?» አለኝ።

ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ዛሬም ይህንን ለራሴ እላለሁ፤ ብዙም አይረዳኝም።

«ጋሽ ሞተር» አልኩ። «ማለዳ አንገቱን ሲጠመዝዘው አየሁት።»

«ሌላስ? ሌላ የነካው ሰው አለ?»

እናቴ ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ነገር ቁጣ መሰለኝ፤ ስለ እንቁላሉ የደረሰችበት መሰለኝ። «ማንም» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ሁለተኛው ውሸቴ። በአንድ ማለዳ ሁለት።

ጋሽ ሞተር አልጮኸም። እናቴን ጠበቃት፤ አሁን ነው እየጠበቃት እንደነበር ያወቅሁት። ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄዶ ቦርሳውን አነሳ፣ የራሱን ብሩሽ ከተተ፣ ወርዶ በሽንኩርት ማሳው መሀል በእግሩ ሄደ። ለእኔም ለማንም ቻው አላለም። አባቴ በዚያው ሳምንት ሲሊንደሩን መልሶ ውጭ አሰረው፣ ጎማውንም ቀየረ። ሞተረኛው ያለው ሁሉ ተፈጸመ፤ ሞተረኛው ብቻ አልነበረም። ወደብ ላይ «ጋዝ ከፍቶ ሊፈጀን ነበር» ተብሎ ተወራ። ነጋዴዋም «ሴትዮዋን ሲደበድብ በዓይኔ አየሁ» እያለች ጨመረችበት። ከዚያ ወዲያ በሐይቁ ላይ የቀጠረው ጀልባ አልነበረም።

እናቴና እኔ መጫወታችንን ቀጠልን። እንዲያውም ባሰብን፤ ያለኔ ምድጃውን አታበራም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ደከመኝና ተውኩት። ያን ቀን ለምን እንዳለቀሰች አልገባኝም።

ዓመታት አለፉ። አባቴ ታሞ አረፈ፣ ጀልባዋም ተሸጠች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጥሬ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ጀልባ ሣለና ሆዷን በጠመኔ ሞላው። «የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ጀልባ ደግሞ ሳህን ማለት ናት። ካመለጠ ወጥቶ አይሄድም፣ ወለሉ ሥር ይጠራቀማል። አንድ የክብሪት እሳት፣ አንድ የማብሪያ ብልጭታ ይበቃዋል። እንደዚያ ከሆነባችሁ ሰው አስወጡ፣ ምንም ማብሪያ አትንኩ፣ ክፈቱ፣ አናፍሱ። ሌላ ማውጫ ሲጠፋ ደግሞ፣ የድሮ ሰዎች እንደ ውሃ በባልዲ ይቀዱት ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «በባልዲ? አየር?» አለ ከጎኔ ያለው ልጅ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩና እጄን ሥሩ አድርጌ ቆምኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ሰው መጥቶ «እመቤት፣ ውሃው እኮ እየፈሰሰ ነው» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

በዚያው ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ እያጠፈች ነበር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «እማዬ፣ ያን ቀን ቡታጋዙን የከፈትሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

ያጠፈችውን አንሶላ ፈታችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«አንቺ አራት ዓመት ሳይሞላሽ በጠና ታምሜ ነበር» አለች። «ትኩሳቱ ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ጽጌረዳም እበትም ለኔ አንድ ነው።»

«ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?»

«የማይሸታት ሴት ጀልባ ላይ ታብስል ይል ነበር? እናቱ ቤት ያወርደኝ ነበር። እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ‹በላሽ ወይ› ያለኝ ሰው የለም። አንቺን ደግሞ ከኔ ለይተው…» አንሶላው ላይ እጇን አስቀመጠች። «እናገራለሁ ብዬ ነበር። አፌን ልከፍት ስል አንቺ ቀደምሽኝ። ልጄን ውሸታም ላድርጋት?»

በእኔ ማሳበቧ ይሁን፣ እውነቷን ይሁን፣ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም። የእንቁላሉን ነገር ነገርኳት። አንዴ ፈገግ አለች፣ ወዲያው ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች።

ጋሽ ሞተርን ማግኘት አላስቸገረኝም። የውሃ ፓምፕና ብስክሌት ጠጋኝ ሆኖ ከሐይቁ ራቅ ያለ ሰፈር ይኖራል አሉኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴን ይዤ ሄድኩ። ግቢው የጋራ ነው፤ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፣ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። እሱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የብስክሌት ሰንሰለት ዘይት ይቀባል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ፊቱ እንደ ድሮው ጥንቅቅ ብሎ ተላጭቷል። አወቀን። ወዲያው ነው ያወቀን። ግን አልተነሳም።

እናቴ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ያን ቀን…» አለች፣ እኔ እንኳ በግድ በሰማሁት ድምፅ። «ያን ቀን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ።»

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ምን አልሽ? ሞተር ነው ያደነቆረኝ። ጮክ በይ።»

እናቴ ዙሪያዋን አየች። ሴቶቹን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። ልይዛት ፈለግኩ። እንሂድ ልላት ፈለግኩ። እሷ ግን ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣

«ጋዙን የከፈትኩት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ዘግተኸው ነበር! አትክፈቺው ብለኸኝ ነበር! አፍንጫዬ አያሸትም፣ ያን ደብቄ ነው ዝም ያልኩት! አንተ ነህ ያተረፍከን!»

ልብስ የምታጥበው ሴት እጇ አረፋ እንደያዘ ቆመች። ከዳማ ተጫዋቾቹ አንዱ ጠጠሩን አየር ላይ ይዞ ቀረ።

ጋሽ ሞተር ሰንሰለቱን አስቀመጠ። እናቴን አላየም። ወደ ጎረቤቶቹ ዞረና አንድ በአንድ አያቸው።

«ሰማችሁ?» አላቸው።

ከዚያ ብድግ ብሎ ቤቱ ገባና ለእናቴ ወንበር ይዞላት ወጣ። መጀመሪያ ስትናገር ሰምቷት ይሁን አይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።